አንድ ፈር መሬት

ሽማግሌዎቹ ቀበሌያችንን ዛሬም «ገበሬ ማኅበር» ነው የሚሉት። ስሙ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ የመጣ ነው፤ ያኔ ገበሬው ቢያንስ በ800 ሄክታር፣ ማለትም በ20 ጋሻ መሬት ላይ እንዲደራጅ ተባለ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ አጎቴን ተከትዬ ስብሰባ ሄድኩ። አንዲት እናት የመሬት ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘው መጡ። ጎረቤታቸው በየዓመቱ ሲያርስ አንድ አንድ ፈር እየጨመረ ድንበራቸውን ገፍቶባቸዋል። አንድ ፈር ለከተማ ሰው ምንም ላይመስለው ይችላል፣ ለእሳቸው ግን የዓመት እንጀራ ነው። ደስ ያለኝ ማንም «ነገ ይምጡ» አላላቸውም፤ ሽማግሌዎች ተመርጠው ገመድ ይዘው እዚያው ማሳው ድረስ ወረዱ።

ሌላው የስብሰባው ጉዳይ፣ የምንጩ አጥር፣ ቶሎ አለቀ። ማክሰኞ ሁሉም እንጨት ይዞ ይመጣል። እኔም እሄዳለሁ።