ጓሮ ያላችሁ፣ መጀመሪያ ሰላጣ ዝሩ

ጎመኑም ድንቹም ቀይ ሥሩም እሳት ያገኛቸዋል። ሰላጣ ግን በጥሬው ነው የሚበላው። ምን ውሃ ጠጥቶ እንዳደገ ማወቅ ያለብን ለዚህ ነው። እኛ ያለነው አቃቂ ነው፤ ወንዙን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የከተማው ፍሳሽና ከፋብሪካ የሚለቀቀው ሁሉ የሚገባበት ውሃ ነው፣ ዳር ዳሩን ደግሞ በዚያው ውሃ አትክልት ይለማል። በደንብ ማጠብ ጀርሙን ይቀንስ ይሆናል፣ ሥሩ የሳበውን ከባድ ብረት ግን አያወጣም። ጓሮ ያለው ሰው ምን ልዝራ ሲለኝ ሰላጣ የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሰፈራችን አፈር መረሬ ነው። ክረምት ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ በጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ሰላጣ ሥሩ ውሃ ላይ ከቆመ ይበሰብሳል። ስለዚህ መደቡን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጉና በደንብ የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት ቀላቅሉበት። የበሰለ ነው ያልኩት! ትኩስ እበትና የዶሮ ኩስ ጥሬ የሚበላ ነገር አጠገብ አይድረስ።

ዘሩን መጀመሪያ ከመደቡ ውጪ ትንሽ ቦታ ላይ አፍሉት፤ ደቃቅ ነው። ብዙ ሰው ጥልቅ አድርጎ ይቀብረውና አልበቅል ሲለው ሻጩን ይረግማል። የሰላጣ ዘር ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል፤ አፈር ከላዩ ነስነስ ማድረግ ይበቃል፣ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር አይበልጥ። ሙቀትም አይወድም፤ አፈሩ ከ27 ዲግሪ ሲያልፍ ብዙው ዘር ሳይበቅል ይቀራል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የምትዘሩ ከሆነ የቀትር ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ፈልጉ፣ አፈሩም አይድረቅ። ከሳምንት እስከ 10 ቀን ብቅ ይላል። አራት አምስት ቅጠል ሲይዝ፣ ፀሐይ በረድ ሲል ወደ መደቡ አዛውሩት፣ በመሃሉ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል እየተዋችሁ። ውሃውን ከሥሩ እንጂ ቅጠሉ ላይ አታፍስሱ። ሱሉልታ በኩል ያላችሁ ደግሞ የእናንተ ጠላት የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ነው፤ ማታ ማታ ጆንያ አልብሱት።

ሲደርስ ከነሥሩ አትንቀሉት። በጠዋት የውጭ የውጩን ቅጠል ቀንጥሱ፣ መሃሉን ተዉት፤ ለሳምንታት እየሰጠ ይቆያል። በጠዋት የተቀነጠሰ ቅጠል ሲያጥፉት ቀጭ ይላል። ቲማቲም፣ ቃሪያና ሽንኩርት ከትፋችሁ፣ ሎሚ ጠብ አድርጋችሁ ከሽሮ ጋር ስታቀርቡት የረቡዕና የዓርብ ምሳ ሌላ ይሆናል።

ግንዱ ወደ ላይ መመዘዝ ከጀመረ ግን አበቃ። ቅጠሉ ሲቆረጥ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል፣ ይመራል። ያኔ ሌላውን ንቀሉና ጠንከር ያለውን አንዱን ተዉት። ቢጫ አበባ ያወጣል፤ አበባው ደርቆ ነጭ ፀጉር ሲያበቅል ዘሩ ደርሷል። በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል የሚበቅለው እናቱን ይመስላል። ወረቀት ውስጥ አራግፉትና ደረቅ ቦታ አስቀምጡት፤ ከአንዱ ተክል የሚወጣው ዘር ለጎረቤትም ይተርፋል።