ሲሚንቶ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ክረምት ጠብቁ

አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው ሲሰነጠቅ የሚሆነው ነገር ያው ነው። ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ብር ይዋጣል፣ ሲሚንቶ ይገዛል። ሐሳቡ በጎ ነው፤ ደብሩ እንዲፈርስ ብሎ የሚያዋጣ የለም። ግን ጎጃምን ዞር ዞር ያለ ሰው አይቶታል፤ በጭቃ ተሠርቶ መቶ ዓመት የቆመ ግድግዳ ሲሚንቶ በተለሰነ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሆዱ ይነፋል። እኔ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፤ የምሠራው ደብረ ማርቆስ ነው፤ እንጀራዬ ኮንክሪት ነው። ስለዚህ የሲሚንቶ ጠላት ነህ የሚለኝ አይኖርም።

የምነግራችሁ ከቢቸና ወጣ ብላ ስላለች አንዲት የገጠር ደብር ነው። ስሟን አልጠራም። ቅርስ ሌባ በበዛበት ጊዜ የትኛው ሥዕል የት እንዳለ መጻፍ ደግ አይደለም። ክብ ናት፤ እንደ አብዛኛው የአገራችን ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። ሽማግሌዎቹ በጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ተሠራች ይላሉ። ተክለ ሃይማኖት በንጉሥነት የቆዩት ከ1881 እስከ 1901 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ዕድሜዋ ከመቶ ሃያ ዓመት አያንስም ማለት ነው። ግድግዳዋ ድንጋይ በጭቃ ሆኖ ላዩ በጭድ ምርጊት ተመርጓል። ጣሪያዋ ድሮ ሣር ነበር፣ አሁን ቆርቆሮ ነው። መቅደሱ ላይ በአቡጀዲ ተስለው የተለጠፉ ሥዕሎች አሉ።

ሰበካ ጉባኤው የጠራኝ ሚያዝያ ላይ ነበር፤ በምዕራብ በኩል ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተተርትሮ። ከዓመታት በፊት አንድ በጎ አድራጊ የግድግዳውን ታች እስከ ወገብ ድረስ በሲሚንቶ አስለስኖታል። አሁን የሚፈልጉት ቀሪውም እንዲለሰን ነው። «ስንት ኩንታል እንደሚፈጅ ብቻ ንገረን» አሉኝ። እኔ ደግሞ «ቢያንስ አንድ ክረምት ስጡኝ» ስል ፊታቸው ተለዋወጠ። ቄሰ ገበዙ ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ ግድግዳውስ እስከዚያ ይጠብቅሃል?» አሉኝ። በዚያ ቀን ከተጠየቅኩት ሁሉ ጥሩው ጥያቄ ይሄ ነበር። መመርመር አንድ ነገር ነው፣ እየተመረመረ ያለው ነገር እንዳይወድቅ ማድረግ ሌላ። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግነው በባሕር ዛፍ መደገፍ ነው፤ ድጋፉ ምርጊቱን እንዳይቦረቡረው ጣውላና ጆንያ በመሐል እያስገባን። ድጋፉ ከቆመ በኋላ የሚያቻኩል ነገር አልነበረም።

ምርመራ ከጣሪያ ይጀመራል። ሰው ስንጥቁ ላይ አፍጥጦ ይቀራል፣ ስንጥቁ ግን ምልክት ነው፤ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ወይም ከሥር ነው ያለው። ጣሪያው ውስጥ ገብቼ መብራት አጠፋሁ፤ ቆርቆሮው የበሳው ቦታ ሁሉ በቀን ብርሃን ነጥብ ነጥብ እያለ ይታያል። ወራጆቹን አንድ በአንድ በቢላ ጫፍ ወጋ ወጋ አደረግኳቸው። ጤነኛ እንጨት ቢላውን ይመልሳል፤ የበሰበሰው ይውጠዋል። ነባሩ የጽድ እንጨት ደህና ነበር። ኋላ በጥገና የገቡት የባሕር ዛፍ እንጨቶች ግን ግድግዳው ላይ የሚያርፉበት ጫፋቸው ምስጥ ገብቶባቸዋል።

ከዚያ ሐምሌ መጣ። ዝናብ ሲጥል ሰው ሁሉ ወደ ደጀ ሰላም ሲሮጥ እኔ ዣንጥላ ይዤ ወደ ውጭ። ቄሶቹ መጀመሪያ ሳቁብኝ፣ ኋላ ግን አንዳንዶቹ አብረውኝ ይዞሩ ጀመር። ያየነው ይሄ ነው። የድሮው የሣር ክዳን ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይወጣ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ቆርቆሮው ሲመታ ግን ወጪ ለመቆጠብ ጠርዙን አሳጥረውታል፤ አሸንዳም የለውም። ስለዚህ ከጠቅላላው ጣሪያ የሚወርደው ውኃ ግድግዳው እግር ሥር ይዘረገፋል፣ መሬት ይመታል፣ መልሶ ግድግዳው ላይ ይረጫል። በምዕራብ በኩል ነፋሱ እየገፋው ይብሳል። ሲሚንቶ ያስፈለገውም መጀመሪያውኑ ይኸው ርጭት ምርጊቱን እየበላው ነው።

ቄሰ ገበዙን መቃብር የሌለበት የቱ ጋ እንደሆነ ጠይቄ ግድግዳው ሥር ትንሽ ጉድጓድ አስቆፈርኩ። (ቅጽር ውስጥ ሳይጠይቁ መቆፈር አይታሰብም፤ ይሄን ለወጣት መሐንዲሶች ነው የምለው።) የድንጋዩ መሠረት ከመሬት በላይ መታየት ሲገባው አንድ ክንድ ያህል አፈር ውስጥ ተቀብሮ አገኘነው። ጠራጊ በጠረገ ቁጥር፣ ጎርፍ በመጣ ቁጥር አፈሩ ግድግዳው ላይ እየተደገፈ ኖሯል። መሬቱ ከፍ ሲል ጭቃው እርጥብ አፈር ውስጥ ቆመ ማለት ነው።

አሁን ወደ ስንጥቁ። ግንበኞች የሚያውቁት ዘዴ አለ፤ ስንጥቁን አቋርጦ ቀጭን ጀሶ ይለጠፍና ቀን ይጻፍበታል። ጀሶ አይለጠጥም፣ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ይሰበራል። ጀሶ ግን መንቀሳቀሱን እንጂ ስንት እንደተንቀሳቀሰ አይነግርም። ስለዚህ ሥዕልም ሆነ ነባር ምርጊት በሌለበት፣ በድንጋዮቹ መጋጠሚያ ላይ፣ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ትንንሽ ሚስማር አስገብቼ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በካሊፐር መለካት ጀመርኩ። እኔ በሌለሁ ጊዜ አንድ ዲያቆን ይለካና ደብተር ላይ ይጽፋል። ውጤቱ ኮሚቴውን ግራ አጋባ። ስንጥቁ በክረምት ጠበበ። ጥር አልፎ መጋቢት ሲጠጋ ሰፋ።

ዝናብ ግድግዳ ያፈርሳል ብሎ ለሚያስብ ሰው ይሄ የተገለበጠ ነገር ነው። ገበሬ ግን ወዲያው ይገባዋል። በምዕራብ በኩል ያለው መሬት ዋልካ ነው። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጣጠቅና እግር ያስገባል። መሬቱ ሲሰበሰብ መሠረቱን ይዞት ይወርዳል፣ ስንጥቁ ይከፈታል። ከቅጽሩ ውጭ ደግሞ በዚያው በኩል ባሕር ዛፍ ተደርድሯል፤ ለማገዶና ለገቢ ተብሎ የተተከለ ነው። ባሕር ዛፍ መሬቱን በበጋ ምን ያህል እንደሚመጠው የጎጃም ሰው ከእኔ የተሻለ ያውቃል። እንግዲህ የግድግዳው በሽታ ሁለት ነበር ማለት ነው፤ እግሩ በጣሪያው ውኃ ይርሳል፣ መሬቱ ደግሞ ከሥሩ እየደረቀ ይሸሻል። ሲሚንቶ ለሁለቱም አይሆንም።

ሲሚንቶውን በጣቴ አንጓ አንኳኳሁት። ከግድግዳው ጋር የተያያዘው ቦታ ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ የለቀቀው ባዶ ድምፅ። አብዛኛው ለቋል። ፈቃድ ተጠይቆ ትንሽ ቦታ ስናነሳ ከኋላው ያለው ጭቃ በበጋ እንኳን በእጅ ተጠቅልሎ ኳስ የሚሆን ነበር። ጭቃ ውኃ ያስገባል፣ ግን መልሶ ያስወጣል፤ የኖረውም በዚህ ነው። ሲሚንቶ መውጫውን ዘጋበት። ላብ ያጠመቀውን ሰው ላስቲክ እንደማልበስ ነው። መውጫ ያጣው ውኃ ወደ ላይ ይወጣል፤ ለዚህ ነው ከሲሚንቶው ጠርዝ በላይ ያለው ነባር ምርጊት ነጭ ጨው አብቦበት በጣት ሲነኩት ዱቄት ሆኖ የሚረግፈው። ምስጡም በዚያው በእርጥቡ በኩል ነው ወደ ጣሪያው መንገድ ያበጀው።

መቅደስ ውስጥ እኔ አልገባም። ፎቶም አይነሳም። እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ ይጨቃጨቃል፤ እኔ መጨቃጨቁን ትቼ ያንን ካሊፐር የያዘውን ዲያቆን አስተማርኩት። ቱንቢ እንዴት እንደሚጣል፣ ምን እንደሚታይ፣ ስንጥቅ ሲሳል የቱ ጫፍ እንደሚሰፋ። ካህናቱ ከፈቀዱለት በኋላ ገብቶ በእርሳስ ስሎ አመጣልኝ። ሥዕሉ ንጹሕ ነበር፤ የኔ ረዳት ከሚያመጣው ብዙ ፎቶ ይሻላል። የውስጡ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ችግሩ የውጭው ክብ ላይ ብቻ ነው።

ሥራ ከመጀመራችን በፊት ወረቀት ነበር። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዳይጠገን ይከለክላል፤ ብዙ ሰው «የራሳችን ቤተ ክርስቲያን» ብሎ ያልፈዋል። ንድፉን፣ የስንጥቁን መዝገብና ፎቶዎቹን በወረዳው ባህልና ቱሪዝም በኩል አስገባን። ደብዳቤው እስኪመጣ አሸንዳ ለመግጠምና ቆርቆሮ ለማስረዘም የሚሆን ዕቃ አሰባሰብን። የቀን አቆጣጠሩንም ልብ በሉ። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 ባለ ወልድ፣ ቅዳሜና እሁድ፤ እያለ ወሩ ያልቃል። የሥራ ዕቅድ ስታወጡ ከቄሶቹ ጋር ቁጭ ብላችሁ አውጡ።

ፈቃዱ ሲመጣ መጀመሪያ የነካነው ውኃውን ነው። ጣሪያው ተራዘመ፣ አሸንዳ ገባ፣ መሠረቱን የቀበረው አፈር በደቦ ተነስቶ መሬቱ ከግድግዳው እንዲሸሽ ተደርጎ ተደለደለ፣ ቦይ ተቀደደ። ባሕር ዛፉን በአንድ ጊዜ አላስቆረጥንም። ሲጠጣ የኖረ ዛፍ ድንገት ከጠፋ ዋልካው ውኃ ይይዝና በተቃራኒው ያብጣል፤ በየዓመቱ ረድፍ ረድፍ እንዲነሳ ተስማማን። ባለቤቶቹ አልወደዱትም፤ እስኪግባቡ ድረስ ብዙ ቡና ተጠጣ።

ሲሚንቶው በትንሽ መሮ፣ በበጋ፣ ከለቀቀው ቦታ ተጀምሮ ተነሳ። ድንጋዩን ይዞ የሚወጣ ከሆነ ተዉት አልኩ፤ ንጹሕ ለማድረግ ብሎ ግድግዳ ማቁሰል ከንቱ ነው። ከዚያ ግድግዳው ሳይመረግ ክፍት ሆኖ እንዲደርቅ ተተወ። ለኮሚቴው ከሁሉ የከበደው ይሄ ነበር፤ «ራቁቷን ተዋት» ተባልኩ።

ምርጊቱን ከየት አፈር እንደምናመጣ አንዲት እማማ ነገሩኝ። አባታቸው ግንበኛ ነበሩ። ወንዝ ዳር አንድ ቦታ አሳዩኝ። አፈሩንና ከግድግዳው የረገፈውን ነባር ምርጊት በየሃይላንዱ ውኃ ጨምሬ አራግፌ አስቀመጥኩ። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ደቃቁ ቀጥሎ፣ ሸክላው መጨረሻ ላይ። የእማማ አፈርና የድሮው ምርጊት ንብርብራቸው አንድ ዓይነት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። በጤፍ ጭድ ተረግጦ፣ እስኪሸት ድረስ ተቦክቶ ከረመ፤ ከዚያ መጀመሪያ ደጀ ሰላሙ ጀርባ ላይ በተለያየ መጠን ሞከርነው። ሲደርቅ ያልተሰነጠቀውን መረጥን። ስንጥቁን ራሱን በጭቃ ብቻ አልደፈንነውም፤ ረዣዥም ድንጋይ አቋርጦ እየገባ ሁለቱን ወገን አያያዘው።

የመሠረቱን ድንጋይ መጋጠሚያ በኖራ ነው የሞላነው። ወጣቱ ግንበኛችን ሲሚንቶ ነው የሚያውቀው። በማግስቱ በጥፍሩ ቢጭረው ተጫረለት። «ኢንጂነር፣ ይሄ ነገር መቼ ነው የሚደርቀው?» አለኝ። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ነው፤ ሳምንታትና ወራት ይፈልጋል፤ ፈጥኖ እንዳይደርቅም እርጥብ ጆንያ ይለብሳል። አላመነኝም። ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለውን የአላታ ድልድይ አየኸው ወይ አልኩት። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በ1626 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው፤ ድንጋይና ኖራ። «እሱ እንቁላል ገብቶበት ነው» አለኝ። ተሳሳቅን፣ ጆንያውን ግን ማርጠቡን አላቋረጠም።

ያልተስማማንበት አንድ ነገር ቀርቷል። መቅደሱ ላይ ካሉት ሥዕሎች የአንዱ አቡጀዲ ጠርዙ ለቆ የተቀደደ አለ፤ ከመላእክቱ የአንዱ ክንፍ ጠፍቷል። ከጉባኤው ግማሹ ሠዓሊ ተጠርቶ ይሟላ ይላል። በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥገና መርሕ፣ የቬኒስ ቻርተር፣ ግምት በሚጀምርበት ቦታ ጥገና ይቁም ይላል፤ እኔም ከዚያ ጋር ነኝ። መርጡለ ማርያም ሄዶ እቴጌ እሌኒ ያሠሩትን ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ያየ ሰው፣ የቀረው ቅርጽ እንደቀረ ሲታይ ምን እንደሚያህል ያውቃል። በሌላ በኩል ቄሰ ገበዙ «ልጄ፣ ለአንተ ቅርስ ነው፤ እኛ ግን እንጸልይበታለን» ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ። ለጊዜው የለቀቀው ጠርዝ እንዳይቀደድ ብቻ ከነፋስና ከጧፍ እንዲጠበቅ ተደርጎ፣ የሥዕል ጥገና ባለሙያ እስኪመጣ እንዳለ ነው። አሸንዳውን በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ የሚጠርገው ማን እንደሆነ ግን በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል፤ ሚስማሮቹም አልተነቀሉም፣ ዲያቆኑ እስካሁን ይለካል።