«ይጠቅማል» ያልነውን ሁሉ በ12 ሴንቲ ሜትር ካርቶን ስለካው

ሐምሌ 19፣ የገብርኤል ዕለት፣ ሐዋሳ ውስጥ ዘመድ ያለው ሰው ማረፊያ አያጣም፤ እኛም ባለፈው ሐምሌ በሁለት ክፍል ቤታችን 9 እንግዶች ተቀብለን ነበር። ከንግሡ ሲመለሱ ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ውኃና ለስላሳ ቀረበላቸው፤ ብርጭቆዎቹ የተደረደሩትም ካሠራነው ገና ሦስት ወር ባልሞላው የዋንዛ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ወደ ማምሻው እንግዶቹን ሸኝቼ ጠረጴዛውን ልወለውል ብርጭቆዎቹን ሳነሣ፣ ቡናማው ቫርኒሽ ላይ 11 ነጫጭ ቀለበቶች ተስለው አገኘሁ። ከፊሎቹ ሙሉ ክብ፣ ከፊሎቹ ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ፣ ሁለቱ ደግሞ እንደ ሰንሰለት እርስ በርሳቸው የተቆላለፉ ነበሩ።

ውኃ የደፋ ሰው አልነበረም፤ ጥፋቱ የብርጭቆዎቹ ላብ ነው። በክረምት የሐዋሳ አየር፣ ዝናቡ ከሐይቁ ጋር ተደርቦ፣ እርጥበት ይበዛበታል፤ ያ በዐይን የማይታይ እርጥበት ከፍሪጅ የወጣ ብርጭቆ ሲነካ ይቀዘቅዝና ጠብታ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል፣ በግርጌውም ዙሪያ ይጠራቀማል። ቶሎ ካልተጠረገ ወደ ቫርኒሹ ይሰርጋል፤ እዚያ የታገተው እርጥበት ብርሃኑን ስለሚበታትነው ዐይናችን ነጭ አድርጎ ያየዋል። ትኩስ ሻይ የያዘ ብርጭቆም ያንኑ ምልክት ይተዋል። ነጭ ምልክት ከቫርኒሹ ያላለፈ ስለሆነ ተስፋ አለው፤ የጠቆረው ግን እንጨቱ ዘንድ ደርሷልና ብዙውን ጊዜ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ እንደገና መቀባት ይጠይቃል። እኔ ስስ የጥጥ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ ለብ ያለ ካውያ ለጥቂት ሰከንድ እያሳረፍኩ፣ እያነሣሁና እያየሁ ዘጠኙን አጠፋኋቸው። የተቆላለፉት ሁለቱ ግን እስከ ዛሬ አሉ።

ባለቤቴ «ከብርጭቆ ሥር የሚነጠፍ ማስቀመጫ ገዝተን እንገላገል» አለ። መልካም ሐሳብ ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ሰሞን አልጋችን ሥር የተወሸቀውን ከረጢት ምን እናድርገው እየተባባልን ነበር። 50 ኪሎ የሚይዝ የማዳበሪያ ከረጢት ሲሆን በውስጡ ጉልበታቸው የተቀደደ ሁለት ጂንስ፣ መሐሉ የሳሳ ፎጣ፣ የመጋረጃ ትርፍራፊ፣ የልጄ የጠበቡ ልብሶች፣ ሥዕሉ ስላማረኝ ያልጣልኩት ያለፉ ዓመታት የግድግዳ ካላንደርና እናቴ የሰጠችኝ ያረጀ የጥበብ ቀሚስ ነበሩበት። ሁሉም እዚያ የገቡት «ይጠቅማል» በሚል አንድ ቃል ነው። እኔ ባደግሁበት ቤት ይህ ቃል ክርክር የማይነሣበት ፍርድ ነበር፤ ለምን እንደሚጠቅም፣ መቼ እንደሚጠቅም የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ «ለምን?» ለሚለው ጥያቄ አንድ የተወሰነ መልስ ልስጠው ብዬ ወሰንኩ፤ ለብርጭቆ ማስቀመጫ። ከሱቅ ክርና መርፌ ብቻ ይገዛል፤ ሌላው ሁሉ ከከረጢቱ ይወጣል።

ዕቃው ለባህላችን እንግዳ የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ ግን አይመስለኝም። ጀበናችን ግርጌው ድቡልቡል ስለሆነ ያለ ማቶት አይቆምም፤ ሲኒውም ያለ ማስቀመጫው አይቀርብም። ትንሽ ዕቃ የራሷ ማረፊያ እንደሚያስፈልጋት የቡና ሥርዓታችን ከድሮም ያውቃል፤ ያላሰብንለት ከፍሪጅ ለሚወጣው ብርጭቆ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ የአክርማ ስፌት ለትኩስ ነገር የሚወዳደረው የለም፤ ይሁን እንጂ በየቀኑ የሚረጥብ ስፌት በክረምት ይሻግታል፤ ከዚያም በላይ እኔ ወስፌ ይዤ አላውቅም።

የመጀመሪያው ሙከራዬ አሳፋሪ ነበር። ካርቶን በክብ ቆርጬ፣ ከካላንደሩ የተቆረጡ የአበባ ሥዕሎች በነጭ የእንጨት ኮላ ለጥፌ፣ ከላይ ያንኑ ኮላ ሁለት ጊዜ ቀባሁት። ሲደርቅ እንደ መስታወት አብለጨለጨና ደስ አለኝ። ማታ ባለቤቴ ቀዝቃዛ ውኃ አስቀመጠበት፤ ሲያነሣው ካርቶኑ ከብርጭቆው ጋር ተጣብቆ እስከ አፉ ድረስ ተከተለውና እዚያ ሲደርስ ጭኑ ላይ ወደቀ። ለስላሳ ገጽ ላይ የሚጠራቀም ውኃ ብርጭቆውን እንደ መምጠጫ ያጣብቀዋል፤ ይህ ዓይነቱ ኮላ ደግሞ እርጥበት ሲቆይበት ተመልሶ ይለሰልሳል። ከዚያ የተማርኩት ይህ ነው፦ የብርጭቆ ማስቀመጫ ማጌጥ ብቻ ሳይሆን መጠጣት አለበት። የሚጠጣ ደግሞ ጨርቅ ነው።

ስለዚህ ወደ ጂንሱ ዞርኩ። የቤታችን ብርጭቆ ግርጌው 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ያለቀለት ማስቀመጫ 10 በ10 ቢሆን ይበቃል፤ ለስፌት በየጎኑ አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ሲጨመርበት ቁራጩ 12 በ12 መሆን አለበት ማለት ነው። ከጫማ ካርቶን በዚህ ልክ አንድ አራት ማዕዘን ቆርጬ መለኪያ አደረግሁት። የጂንሱ እግር ከጉልበት በታች 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ነበረው፤ ተተርትሮ ሲዘረጋም ስፋቱ እንዲሁ ወደ 40 ይጠጋል። በወረቀት ላይ ከአንድ እግር 9 ቁራጭ አስልቼ ነበር፤ ነገር ግን አንደኛውን ስፌት ስንተረትር ሌላኛው መሐል ላይ እንደሚቀር አላሰብኩም ነበር። ያ ወፍራም ስፌት ያለበት ቁራጭ ላይ ብርጭቆ ይንገዳገዳል። ስለዚህ መካከለኛውን ረድፍ ትቼ ከአንድ እግር 6፣ ከአንድ ሱሪ 12 ቁራጭ አወጣሁ፤ አንዱ ማስቀመጫ ላይና ታች ሁለት ቁራጭ ስለሚፈልግ፣ ሁለቱ ሱሪዎች 12 ማስቀመጫ ሰጡኝ። ያሉንም ብርጭቆዎች 12 ናቸው።

አሰፋፉ ቀላል ነው፤ እጅ የሚፈትነው ማዕዘኑ ላይ ነው። ሁለቱን የጂንስ ቁራጮች መልካቸውን ወደ ውስጥ አድርጌ አነባብሬ፣ በላያቸው ከአሮጌው ፎጣ የተቆረጠ አንድ ቁራጭ ደርቤ፣ ዙሪያውን ሰፋሁና መገልበጫ የሚሆን 4 ሴንቲ ሜትር ክፍት ተውኩ። ከመገልበጤ በፊት አራቱን ማዕዘኖች በመቀስ ቀነጠብኳቸው፤ ይህ ካልተደረገ ጨርቁ ጫፉ ላይ ተጠቅጥቆ እንደ ጉልበት ያብጣል። ከዚያ ገልብጬ፣ ክፍቱን በእጅ ጠቅሜ፣ ከዳሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገባ ብዬ ዙሪያውን ደገምኩት። የጎረቤቴን የስፌት መኪና ነበር የተዋስኩት፤ በ14 ቁጥር መርፌ ጀምሬ ሁለተኛው ማዕዘን ላይ ሰበርኩት፤ ለጂንስ የሚሆነው 16 ቁጥር እንደሆነ የነገረችኝ እርሷ ናት፤ የነገረችኝ ግን ከተሰበረ በኋላ ነው።

ባዶው ጂንስ ጥሩ ሠራ፤ መልኩ ግን ደረቅ ነበር። ከረጢቱ ውስጥ የቀረው የሚያምር ነገር የእናቴ ቀሚስ ብቻ ነው። ሸማው ብብቱ ሥር ተልጧል፣ ወገቡ ላይ የማይለቅ የዘይት ምልክት አለበት፤ ጥበቡ ግን ቀዩም ወርቃማውም ክር እንዳለ ነበር። ሳልነግራት መቁረጥ ስላልሆነልኝ ዲላ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ ያን የጥበብ ቀሚስሽን ልቆርጠው አስቤ ነበር።»

«ምን ልትሠሪበት?»

«የብርጭቆ ማስቀመጫ።»

ዝም አለች። ቀጥላም «እኔ ገብርኤልን የተሳለምኩበትን፣ አንቺ ብርጭቆ ልታስቀምጪበት?» አለችኝ። የምመልሰው አጥቼ ስንተባተብ ራሷ ወሰነች፦ «ለነገሩ ብል ከሚበላው አንቺ ቁረጪው። ግን ጥበቡን ወደ ዳር አድርጊው፣ ሰው ለስላሳ እንዳይደፋበት።»

እናቴ ለክብሩ ብላ ነው ዳር ይሁን ያለችው፤ ሥራው ላይ ስደርስ ግን ሌላ ምክንያትም አገኘሁለት። የጥበብ ክር ከሸማው ከፍ ብሎ ስለሚቆም፣ መሐል ላይ ቢሰፋ ብርጭቆውን ያዘነብለዋል። ስለዚህ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ጥብጣብ እያወጣሁ፣ በላይኛው ቁራጭ አንድ ማዕዘን ላይ በሰያፍ ሰፋሁት፤ ብርጭቆው መሐል ሲቀመጥ ጥበቡ ከጎኑ ብቅ ይላል። የጥበብ ዳር መቀስ ሲነካው ወዲያው ይተረተራል፤ ከመቁረጤ በፊት መስመሩ ላይ ስስ ኮላ እየቀባሁ ማድረቅ ነበረብኝ፤ ከካርቶኑ ሙከራ የተረፈው ኮላ ለዚህ ዋለ። ቀዩ ክር ቀለም እንዳይለቅም ሰጋሁና አንድ ቁራጭ በለብታ ውኃ ነክሬ በነጭ ጨርቅ ላይ ጫንኩት፤ ምንም አልለቀቀም።

ሌሎች ሙከራዎችም ነበሩ። ቆርኪ አያይዤ ለመሥራት ሞክሬ ነበር፤ ጠረጴዛውን ሊጠብቅ የመጣ ዕቃ ጠረጴዛውን ቧጠጠው። የሴራሚክ ስባሪም እንዲሁ ሥሩ ሻካራ ነው፤ ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ ካልተለጠፈ አይሆንም።

አሁን ስለ ከረጢቱ ልናገር፤ ምክንያቱም ይህን ሁሉ ያደረግሁት ቤት እንዲቀለኝ ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር 12ቱ ማስቀመጫዎች የፈጁት ከከረጢቱ ውስጥ ጥቂቱን ነው፤ ቢበዛ አንድ አሥረኛውን። ከረጢቱን ባዶ ያደረገው መለኪያው ካርቶን ነው። ያለውን ሁሉ ምንጣፍ ላይ ዘርግፌ ካርቶኑን እያሳረፍኩበት፣ 12 በ12 የማይወጣለትንና ውኃ የማይጠጣውን ወደ ግራ፣ የቀረውን ወደ ቀኝ ለየሁ። ቀድሞ አንድ ጨርቅ ይዤ «ይጠቅም ይሆን?» ስል መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነበር፤ ካርቶኑን ስጠይቀው ግን አይዋሸኝም። የቀኙም ቢሆን 12 ሲሞላ ቆመ፤ አሥራ ሦስተኛ ማስቀመጫ የምናስቀምጥበት ብርጭቆ የለንማ። በእጅ ሥራ ቤታቸውን አቀለሉ ሲባሉ ክር በየቀለሙ፣ ቀለም በየቆርቆሮው፣ ዶቃ በየብልቃጡ ገዝተው ሌላ ከረጢት የሞሉ አውቃለሁ፤ እኔም በዶቃው ፊት ቆሜ የተመለስኩበት ቀን አለ።

የልጄ ልብሶች ለሚሆናቸው ሕፃን ሄዱ። የቀረው ወደ ልዋጭ ነበር የሚሄደው፤ በሠፈራችን «ልዋጭ!» እያለ የሚያልፈው ልጅ የተረፈውን ሁሉ አይቶ በምትኩ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ የፕላስቲክ ሳፋ አወጣልኝ። ቤታችን ውስጥ አራት ሳፋ አለ። በገንዘብ እንዲያደርግልኝ ብለምነው እሺ አላለኝም፤ በመጨረሻ ትንሿን ብቻ ተቀብዬ ለጎረቤቴ በሰበርኩባት መርፌ ምትክ ሰጠኋት። ለመጣል የከበደኝ የጂንሶቹ ኪስ ነበር፤ «የመቀስ ማስቀመጫ ይሆናል» ብዬ አንዱን አስቀርቻለሁ፤ እስካሁን መቀሱ የሚገኘው መሳቢያ ውስጥ ነው።

ማስቀመጫዎቹ በቃጫ ታስረው ቡፌው ላይ ይቀመጣሉ፤ ሲቆሽሹ ከልብስ ጋር ይታጠባሉ፤ በክረምት ግን እርጥብ እንደሆኑ መደራረብ አይገባም፤ ይሸታሉ። ጠረጴዛው ላይ ከዚያ ወዲህ አዲስ ቀለበት አልታየም።

እናቴ መስከረም ላይ መጥታ አየቻቸው። አገላብጣ፣ በጣቷ ጥበቡን ዳሰስ አድርጋ፣ ምንም ሳትል ሁለቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ጥቅምት ላይ ዲላ ስሄድ ቴሌቪዥኑ ጎን፣ ዳንቴሉ ላይ አገኘኋቸው፤ አንዱ የፕላስቲክ አበባ ተሸክሟል፣ ሌላው ባዶውን ተዘርግቷል። ቀዝቃዛ ውኃ ሰጠችኝ፤ ጠጥቼ ብርጭቆውን የት ላሳርፈው ብዬ ወደዚያ ስመለከት ቀደመችኝ፦ «ተይ፣ እነሱን እንዳታረጥቢብኝ! እዚያው መሬት አስቀምጪው።»