«ለአንቺው ደህንነት ነው»

ሥራ ቦታ የሚተነኩሰኝን አለቃ አመለከትኩ፤ ወደ ሌላ ሥራ የተዛወርኩት ግን እኔ ነኝ። ይህ ነገር የደረሰባቸው ሐበሻ እህቶች ብዙ እንደሆኑ ስለማውቅ የኔን ልጻፈው።

ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከተማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ የቁርስ አስተናጋጅ ነበርኩ። ሱፐርቫይዘራችን ያስቸግረኝ ጀመር። ቡና ልቀዳ ማሽኑ ጋ ስቆም፣ ሰፊ መተላለፊያ እያለ፣ ከኋላዬ ተለጥፎ ያልፋል። ማታ ስልኬ ላይ ለሥራ የማይገናኝ መልእክት ይልካል። በግልጽ «ተው፣ አልፈልግም» አልኩት። ሲብስበት ለኤችአር (ለሠራተኛ አስተዳደሩ ክፍል) በጽሑፍ አመለከትኩ፣ የላከልኝን መልእክት ሁሉ አያይዤ።

የኤችአር ኃላፊዋ በደንብ ሰማችኝ። «እናጣራለን» አለችኝ። ብዙም ሳትቆይ ግን መልሳ ጠራችኝና ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ላውንድሪ፣ ማለትም አንሶላና ፎጣ የሚታጠብበት ክፍል፣ እንደምሠራ ነገረችኝ። «ለአንቺው ደህንነት ነው፤ እሱን እንዳታገኚው ብለን ነው» አለች። እሱስ? እሱ እዚያው ነው። ማጣራቱ እስኪያልቅ ሥራውን ይቀጥላል።

«ደመወዝሽ አይነካም፤ እንዲያውም በሰዓት ይጨምራል» ያለችኝ ነገር ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ወረቀቱ ላይ እውነቷን ነው። እዚህ አገር በብዙ ቦታ የአስተናጋጅ የሰዓት ክፍያ ዝቅ ተደርጎ ይያዛል፤ ኑሮውን የሚሞላው ቲፕ፣ እንግዳው የሚተወው ጉርሻ፣ ነው። ላውንድሪ ደግሞ ቲፕ የሚባል ነገር የለም። የሰዓቱ ቁጥር ከፍ አለ፤ በየሁለት ሳምንቱ እጄ የሚገባው ብር ግን ወረደ። ለእናቴ የምልከውን መቀነስ ነበረብኝ። ምክንያቱን ልነግራት አልቻልኩም።

ሰዓቱም ተቀየረ። የቁርስ ሥራ በጠዋት ተጀምሮ ከሰዓት ሳይገፋ ያልቃል። የላውንድሪው ሺፍት ግን እኩለ ሌሊት ገደማ ነው የሚለቅቀው። የምኖረው ከዲሲ ወጣ ብሎ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሬድ ላይን የሚባለውን የሜትሮ ባቡር ነው የምይዘው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሜትሮው እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል። ማድረቂያው ውስጥ ያልወጣ ፎጣ ካለ ባቡሩ አመለጠኝ ማለት ነው። ከዚያ ኡበር ነው፤ የዚያን ሌሊት ኡበር ምን ያህል ሰዓት የሠራሁበትን እንደሚበላ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ላውንድሪው ምድር ቤት ነው። መስኮት የለውም። ከማድረቂያው የሚወጣው ሙቀት ፊት ይለበልባል፤ የአንሶላው ሙቀት ጣት ያቃጥላል። እዚያ ብዙ ዓመት የሠሩ አንድ ሐበሻ እናት አሉ፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ትልቁ አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ሁለት ሰው ጫፍ ለጫፍ ይዞ፣ ወጠር አድርጎ፣ ተገናኝቶ ነው የሚያጥፈው። እንደገባሁ «ነይ ልጄ፣ ያንን ጫፍ ያዢልኝ» አሉኝ። ምን ሆነሽ ነው የመጣሽው ብለው አልጠየቁኝም። ኋላ ላይ ራሴው ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «አንቺን ወደዚህ እንዳወረዱሽ ሁሉም አይቷል። ከእንግዲህ ከነዚህ ሴቶች ማን አፏን ትከፍታለች?» አሉ።

እውነትም ዝውውሩ ለሌላው ሰው ወሬ ነበር። አንድ ሰው ከላይ ወደ ምድር ቤት ሲወርድ ያየ ሁሉ «ምን አጥፍታ ነው?» ይላል። ገንዘብ ጎድሎባት ነው የሚል ሳይቀር ሰምቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን የማገኛቸው ትልልቅ ሰዎች ደግሞ «እንጀራሽን አርፈሽ ብዪ፤ የሰው አገር ነው» አሉኝ። በክፋት አይደለም። እነሱም በዚያ መንገድ ነው ልጆች ያሳደጉት። ግን አርፌ የምበላው እንጀራ ራሱ ነው የተነካው። ይህን ማስረዳት አቅቶኝ ብዙ ጊዜ አልቅሻለሁ። እንቅልፍም አልነበረኝም። ሐኪሜ ጋ ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ እሷም መዘገበችው። ያ መዝገብ ኋላ ጠቅሞኛል፤ ያኔ ግን የሄድኩት መተኛት ስላቃተኝ ብቻ ነው።

ሥራውን ጥዬ ልወጣ ነበር። ያስቆመችኝ በነፃ የምታማክር ጠበቃ ናት። «አትልቀቂ፤ ከለቀቅሽ በገዛ ፈቃዷ ነው የሄደችው ይሉሻል። ያዘዙሽ ቦታ ሂጂ፣ ግን እንዳልተስማማሽ በጽሑፍ አሳውቂ» አለችኝ። ይህ ለኔ ትልቅ ነገር ነበር። መሄድና መስማማት አንድ ይመስለኝ ነበርና። በዚያው ማታ ለኤችአር ኢሜይል ላኩ። አጭር ነው፦ «ወደ ላውንድሪ የምሄደው ስለታዘዝኩ ነው። አልተስማማሁም። ትንኮሳውን ካመለከትኩ በኋላ የመጣ ቅጣት ነው ብዬ አምናለሁ። ወደ ቀድሞ ሥራዬና ሰዓቴ እንድመለስ እጠይቃለሁ።» ከሥራ ኢሜይል ብቻ አልላክሁትም፤ ወደ ራሴ ኢሜይልም ቅጂ አደረግሁ። ከዝውውሩ በፊት የነበሩትንና ከዚያ በኋላ የመጡትን የደመወዝ ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጌ አስቀመጥኩ። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን የሺፍት ሰሌዳ በየሳምንቱ ፎቶ አነሳሁ። የኡበሩን ደረሰኝም ያዝኩ።

ጠበቃዋ አንድ ታሪክ ነገረችኝ፤ ሺላ ኋይት ስለምትባል ሴት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ነው።) በ1997 ሜምፊስ፣ ቴነሲ ውስጥ አንድ የባቡር ኩባንያ ፎርክሊፍት ትነዳ ነበር። አለቃዋ ሴት በመሆኗ ያዋርዳታል፤ አመለከተች። ኩባንያው አለቃውን ቀጣ፤ እሷንም ከፎርክሊፍቱ አውርዶ ሐዲድ ላይ ከባዱንና ቆሻሻውን የጉልበት ሥራ ሰጣት። ኋላ ደግሞ ለ37 ቀን ያለ ደመወዝ አገዳት፤ ገንዘቡ የተመለሰላት ከዚያ በኋላ ነው። ኩባንያው «ሁለቱም ሥራ የተቀጠረችበት መደብ ውስጥ ያለ ነው፤ ምን ተጎዳች?» ብሎ ተከራከረ። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ2006 ለእሷ ተፈረደ። ፍርድ ቤቱ የጠየቀው እንዲህ ነው፦ የተደረገባት ነገር ሌላ አስተዋይ ሠራተኛ አቤት እንዳይል የሚያስፈራ ነው ወይ? እትዬ አንሶላ እያጠፉ የጠየቁኝ ጥያቄ ማለት ነው። ስሰማው ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

በ2024 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት በሴንት ሉዊስ ፖሊስ ውስጥ ደመወዟ ሳይነካ የተዛወረች ሴት ሳጅን ጉዳይ ላይ ወስኗል። የሷ ክስ የብቀላ፣ ማለትም ስላመለከቱ የሚመጣ ቅጣት፣ ሳይሆን የጾታ መድልዎ ነው። ግን የተወሰነ ጉዳት ካለ ይበቃል፣ ጉዳቱ የግድ ከባድ መሆን የለበትም ተባለ። «ደመወዝሽ አልተነካም» የሚለው ቃል እንደ በፊቱ በር አይዘጋም። የፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽንም ገና በ1999 ለአሠሪዎች ባወጣው መመሪያ፣ ቅሬታ ያቀረበውን ሰው ያለ ፈቃዱ ማዛወር ብቀላ ሊሆን እንደሚችል ጽፎ ነበር።

የምኖረው ሜሪላንድ ቢሆንም የምሠራው ዲሲ ስለሆነ አቤቱታዬን ለከተማው የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤት አስገባሁ። እዚያ የጊዜ ገደቡ ድርጊቱ ከተፈጸመ በኋላ አንድ ዓመት ነው። ወደ ፌዴራሉ ኮሚሽን ከሆነ እንደ ቦታው 180 ወይም 300 ቀን ነው፤ የፌዴራሉ ሕግ ደግሞ 15ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን አሠሪ ነው የሚመለከተው። «ኤችአር እያጣራ ነው» እየተባለ ሲጓተት ይህ ቀን ቆሞ አይጠብቅም። ዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) ያለበት ሆቴል የምትሠሩ ደግሞ ቶሎ ለዩኒየን ተወካያችሁ ንገሩ፤ በዩኒየን በኩል ቅሬታ ማቅረቢያው ቀን ብዙ ጊዜ በጣም አጭር ነው።

እንግሊዝኛዬ ለቡና መቅጃ ይበቃል፤ እንዲህ ላለ ነገር ግን አማርኛዬን ነው የምፈልገው። ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አላት፤ አማርኛም ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚ ጠየቅሁ፤ ተሰጠኝ። የነካኝን ቦታ፣ ያለኝን ቃል በራሴ ቋንቋ ተናገርኩ። ከዚያ በፊት ለማንም እንዲያ አድርጌ ተናግሬው አላውቅም። የጥገኝነት ኬዛችሁ ያላለቀ እህቶችም ይህን እወቁ፦ ከመድልዎና ከትንኮሳ የሚጠብቀው የፌዴራል ሕግ የመኖሪያ ወረቀት እያየ አይለይም። ወረቀታችሁን እያነሳ የሚያስፈራራ አለቃ ካለ፣ ያንንም ጻፉት።

ጽሕፈት ቤቱ አቤቱታውን ከመዘገበ በኋላ ሁለቱንም ወገን ለሽምግልና ጠራ። ሽምግልናው ግዴታ ነው። እኔና እነሱ በየክፍላችን ተቀመጥን፤ አሸማጋዩ ይመላለሳል። የደመወዝ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀመጥኩለት። ብዙ መናገር አላስፈለገኝም። በስምምነቱ ላይ ሚስጥር ጠብቂ የሚል አንቀጽ ስላለ ዝርዝሩን አልጽፍም። ወደ ቁርስ ሺፍቴ ተመልሻለሁ። ሰውዬው አሁን እዚያ ቤት አይሠራም።

ያለፈው ሳምንት ከሃውስኪፒንግ (ከክፍል ጽዳት) አንዲት ልጅ ቁርስ ቤት መጥታ አጠገቤ ቆመች። «እህቴ፣ አንቺ ያኔ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?» አለችኝ። የሷ ነገር ከሌላ ሰው ጋር ነው፤ እስካሁን ለማንም አልተናገረችም። ቅዳሜ ከሺፍት በኋላ አብረን ቁጭ ብለን እንጽፈዋለን።