የቤተ እስራኤልን ጎንደር ለማየት ከወለቃ አትጀምሩ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ሲሉ ወለቃ ይገኛል። መኪናው ይቆማል፣ የዳዊት ኮከብ ያለበት ጎጆ ፎቶ ይነሳል፣ ሁለት የሸክላ ምስል ይገዛል፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ጉዞ ወደ ስሜን ተራሮች ይቀጥላል። አብዛኛው ሰው «የፈላሻ መንደርን አየሁ» የሚለው ይህችን ታህል ቆይታ ነው። ያየው ግን የታሪኩን የመጨረሻ ገጽ፣ ቤተ እስራኤል የሚባሉት የኢትዮጵያ አይሁድ ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ የቀረውን ነው። የመጀመሪያው ገጽ ያለው ከተማው መሃል፣ ሁሉም የነገሥታት ብቻ አድርጎ የሚያያቸው ግንቦች ላይ ነው።

ስለዚህ ለአስጎብኚያችሁ በቅድሚያ የምትነግሩት ቅደም ተከተሉን ይሁን። ጠዋት ፋሲል ግቢ፣ ከዚያ ወደ ቀሃ ወንዝና አዲስ ዓለም፣ ከሰዓት በኋላ ወለቃ። የቀድሞዋ የቤተ እስራኤል መንደር አምቦበር ለብቻዋ ሌላ ቀን ትፈልጋለች። (ዓመቶቹን ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፌያለሁ።)

ከመነሳታችሁ በፊት ስሙን እናስተካክል። ሕዝቡ ራሱን የሚጠራው ቤተ እስራኤል ብሎ ነው። «ፈላሻ» ከፈለሰ የመጣ፣ አገርና ርስት የሌለው የሚል ስሜት ያለው ቃል ነው። ትውፊቱ ከአጤ ይስሐቅ (1414–1429) አዋጅ ጋር ያያይዘዋል፤ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ ይሁን የሚል ነው። «ካይላ» የሚለውም ሌሎች ያወጡላቸው ስም ነው። መንገድ ዳር ያለው ጽሑፍ ፈላሻ ቢልም እናንተ ቤተ እስራኤል በሉ። ዘመዶቻቸው እስራኤል የሚኖሩ ሰዎች አጠገባችሁ ቆመው ሊሰሙ ይችላሉና።

አስጎብኚ ስትመርጡ ከዋጋው በፊት አንድ ጥያቄ አቅርቡ፦ «ግንቡን ማን ሠራው?» መልሱ «ፖርቱጋሎች» ብቻ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ። አጤ ፋሲል (1632–1667) ከፖርቱጋሎቹ ጋር የተያያዙትን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ከአገር ያስወጣ ንጉሥ ነው፤ ጎንደርን የቆረቆረው ደግሞ ከዚያ በኋላ፣ በ1636 ነው። በ1648 ከየመን የመጣው መልእክተኛ አል ሃይሚ ቤተ መንግሥቱን የሠራው ህንዳዊ መሆኑን ጽፏል። በኖራ የመገንባት ጥበብ ከውጭ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ድንጋዩን የፈለጠው፣ የጠረበውና የደረደረው እጅ ግን የአገሬው ነበር፤ ከእነዚያ እጆች ውስጥ የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች ድርሻ ትልቅ ነው። ከመካከላቸው ባጅሮንድና አዝማች የሚል ማዕረግ ያገኙም ነበሩ። ጥሩ አስጎብኚ ይህን ሳትጠይቁት ያነሳላችኋል።

የነገሩ ክብደት የሚገባው ቀድሞ የሆነውን ሲያውቁ ነው። ቤተ እስራኤል በስሜን ተራሮች የራሳቸው ገዢዎች ነበሯቸው፤ ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ለረጅም ዘመን ተዋግተዋል። ኃይላቸው የተሰበረው በአጤ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1620ዎቹ ነው። የሱስንዮስ ልጅ ፋሲል ከተማውን ሲቆረቁር የዚያው የተሸነፈ ሕዝብ ልጆች መዶሻ ይዘው መጡ። ግቢው ውስጥ የሚያሳልፉት ሁለት ሰዓት ይህን ይዞ ከሆነ ግድግዳው ሌላ ነገር ይናገራል። ወደ ፋሲል ግንብ ጠጋ በሉና አንድ ክንድ የምትሆን ስፍራ ብቻ ተመልከቱ፦ ጥቁሩ ድንጋይ እኩል መጠን የለውም፤ ትልቁ ተቀምጦ ክፍተቱ በትንንሽ ስባሪ ተሞልቷል፤ ኖራው ሁሉንም አያይዟል። ቅስቶቹና መዓዘኖቹ ላይ ግን ድንጋዩ በልክ የተጠረበ ነው። የግንበኛው ችሎታ የሚለካው እዚያ ነው። በሩ ላይ የምታዩትን ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ «የአይሁድ ግንበኞች ምልክት ነው» የሚል ካጋጠማችሁ አትቀበሉት፤ ነገሥታቱ ከሰሎሞን እንወለዳለን ስለሚሉ የሥርወ መንግሥቱ ምልክት ነው።

የግቢው ዙሪያ አጥር 900 ሜትር ይሆናል፤ ቅርሱ በዩኔስኮ የተመዘገበው በ1979 ነው። ለዚህ ጉዞ ሁሉንም ክፍል ማዳረስ አያስፈልግም። የፋሲልን፣ የአድያም ሰገድ ኢያሱንና የእቴጌ ምንትዋብን ግንቦች ካያችሁ ይበቃል።

ከዚያ ወደ ታች ወደ ወንዙ ውረዱ። ይህን ክፍል ብዙ ጎብኚ የሚዘለው «የሚታይ ነገር የለም» ተብሎ ነው፤ በእኔ ዕይታ ግን የጎንደርን ማንነት ከግንቡ ይልቅ የሚያስረዳው ይህ ነው። በ1668፣ በአጤ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ በተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ተወሰነ። በዚህም ከተማው በሃይማኖት ተከፋፈለ። እጨጌ ቤትና አቡን ቤት የቤተ ክህነቱ ሆኑ፤ የሙስሊም ነጋዴዎች በአንገረብና በቀሃ ወንዞች በኩል እስላም ቤት፣ ዛሬ አዲስ ዓለም በምንለው ሰፈር ሰፈሩ፤ ካይላ ሜዳ የቤተ እስራኤል ነበር። ካይላ ሜዳ ላይ ሐውልት ወይም ሙዚየም አትጠብቁ። የሚታየው አቀማመጡ ነው።

አቀማመጡን ለማንበብ ውኃውን ፈልጉ። ቤተ እስራኤል በሄዱበት ሁሉ ወንዝ ዳር ይሰፍራሉ፤ ምክንያቱ የኦሪት የመንጻት ሕግ ነው። ከሌላ እምነት ሰው ጋር የተነካካ ታጥቦ ነው ወደ መንደሩ የሚገባው፤ ጎረቤት ይህን ልማድ «አትንኩኝ» ይለው ነበር። ለሸክላ ጭቃና ለብረት ሥራም ውኃ ያስፈልጋል። ስለዚህ አዋጁ ለዩአቸው ባይል እንኳ ሕጋቸው ራሱ ትንሽ ለየት ብለው እንዲኖሩ ያደርጋቸው ነበር። አስጎብኚው አዋጁን ብቻ ወይም ልማዱን ብቻ ከነገራችሁ ግማሹን ነው የነገራችሁ።

ዘመነ መሳፍንት ሲመጣ ነገሥታቱ መገንባት አቆሙ። ግንበኛ ሥራ አጣ። ርስት ያልነበራቸው ቤተ እስራኤል ይበልጡን ወደ ቀጥቃጭነትና ሸክላ ሠሪነት ዞሩ፤ ወንዱ ወናፍና ጉጠት ይዞ ማረሻና ማጭድ፣ ሴቷ እንስራና ምጣድ። ገበሬው ያለ እነሱ ማረሻ አያርስም፤ ሆኖም «ጠይብ»፣ «ቡዳ» ብሎ ፈራቸው፣ ናቃቸውም። ቅርስ ሲባል ይህም ተነግሮ መታለፍ አለበት፤ ወለቃ ላይ የምትገዙት ሸክላ ከዚህ ታሪክ የወጣ ነውና።

አሁን ወለቃ። ከሰዓት 9 ሰዓት ገደማ ብትደርሱ ፀሐዩ ይለዝባል፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ስጡት። አብዛኞቹ ነዋሪዎች የሄዱት በሁለት ማዕበል ነው። መጀመሪያ በእግር ወደ ሱዳን ወጥተው፣ ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በዘመቻ ሙሴ 8,000 ያህል ሰዎች ከዚያ ተወሰዱ፤ በመንገድና በመጠለያው ያለቀው ብዙ ነው። ቀጥሎ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄዱ። ስለዚህ ዛሬ ወለቃ ላይ ሸክላ የሚሸጡላችሁ በአብዛኛው ጎረቤቶቻቸው የነበሩ፣ ሙያውን የወረሱ ሰዎች ናቸው። «አንቺ ይሁዲ ነሽ?» እያላችሁ አታስጨንቋቸው።

ጸሎት ቤቱን ስታዩ ኮከቡ ላይ አትዘግዩ፤ የዳዊት ኮከብ ወደዚህ የገባው በቅርብ ዘመን፣ ከውጭ አይሁድ ጋር ግንኙነት ከተፈጠረ በኋላ ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች የጸሎት ቤቱ መለያ ብለው የጻፉት ጣሪያው ጫፍ ላይ የተደፋውን ቀይ የሸክላ ማሰሮ ነው። ቤቱን ራሳቸው «መስጊድ» ይሉት ነበር፤ ሰገደ ከሚለው ግስ የመጣ ነውና የአዲስ ዓለም ሙስሊም ከሚጠቀምበት ቃል ጋር አንድ ሥር አለው። ውስጡ ቅድስተ ቅዱሳን አለው፤ ኦሪቱ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ኦሪቱም እንደ ሌላው ዓለም አይሁድ ጥቅል ሳይሆን በግእዝ ብራና ላይ የተጻፈና የተጠረዘ መጽሐፍ ነው። ይህችን ልዩነት ከያዛችሁ በየሱቁ ያሉትን የቄስ ምስሎች ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ እጃቸው ላይ ያለው መጽሐፍ ነው ወይስ ጥቅል?

ከመንደሩ ዳር ትንሽ ጎጆ ካሳዩዋችሁ የመርገም ጎጆ ይሆናል። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ 7 ቀን፣ ወንድ ስትወልድ 40፣ ሴት ስትወልድ 80 ቀን ተለይታ ትቆይ ነበር። ዙሪያውን በድንጋይ የተከበበው ወሰኑን ለማሳየት ነው። አስጎብኚው እንደ ጉድ የሚያወራው ከሆነ በትሕትና አስቁሙት፤ ለብዙዎቹ እናቶች የማረፊያ ጊዜም ነበር።

ሸክላ ስትገዙ፦ በእጅ፣ ያለ መንኮራኩር፣ ጭቃው እንደ ገመድ እየተድቦለቦለና እየተደራረበ የሚሠራ ነው። በለስላሳ ጠጠር ይታሻል፣ በጥላ ይደርቃል፣ በኩበትና በእንጨት ይተኮሳል። ጥቁር የሚሆነው ገና ግሎ ሳለ በጭስ ሲታፈን ነው። ብልሽቱ የሚመጣው ሳይደርቅ ሲተኮስ ነው፤ ውስጡ የቀረ እርጥበት ሲተን ሸክላውን ይሰነጥቀዋል። ወፍራም ምስል ከቀጭን ጀበና ይልቅ ለዚህ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ በጥፍራችሁ ኳ አድርጉት፤ ድምፁ ጥርት ካለ ውሰዱት፣ ደንዘዝ ካለ ስንጥቅ አለበት። ምስሎቹ ላይ ቀድሞ የሚሰበረው አንገትና ክንድ ነው፣ ለብቻ ተሠርተው የሚለጠፉ ናቸውና። እያንዳንዱን በጨርቅ ጠቅልላችሁ በእጅ ሻንጣ ያዙት። በመንገድ ዳር ከሚሯሯጡ ሕፃናት ይልቅ በሠሪዎቹ ቤት ወይም በዚያው አካባቢ ካለው የሴቶች የእደ ጥበብ ማሠልጠኛ ብትገዙ ገንዘቡ ሠሪዋ እጅ ይገባል።

ጎንደር ከተማ ውስጥ ወደ እስራኤል ለመሄድ ለዓመታት የሚጠብቁ ቤተሰቦች አሉ፤ የራሳቸው ምኩራብ አላቸው፤ የሚጸልዩትም በዕብራይስጥ ነው። ይህ የጉብኝት ቦታ አይደለም። መሄድ የምትፈልጉ ከሆነ አስጎብኚው ቀደም ብሎ የምኩራቡን ኮሚቴ ፈቃድ ይጠይቅ። ወንድ ራሱን ይሸፍን፣ ሴት ነጠላ ትልበስ፤ መቀመጫው ለየብቻ ነው። ቅዳሜ ስልክም ካሜራም ከኪስ አይውጣ። ከሁሉ በላይ ስለ ጉዞ ፈቃድ አንዲት ቃል ተስፋ አትስጡ፤ «እጠይቅላችኋለሁ» የምትለው ተራ ጨዋነት እዚያ ቤት ለወራት ትጠበቃለች።

አምቦበር ከጎንደር ሰሜን ምሥራቅ ነው። ትምህርት ቤትና ጸሎት ቤት የነበራት፣ ስግድ በድምቀት የሚከበርባት መንደር ነበረች። ስግድ ከማስተስረያው ቀን 50 ቀን ቆጥሮ የሚውል በዓል ነው፤ ብዙ ጊዜ ኅዳር ውስጥ ወይም ጥቅምት መጨረሻ ላይ ይውላል። ሕዝቡ ጾሞ፣ ነጭ ለብሶ፣ ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው ተራራ ይወጣል፤ ኦሪት ይነበባል፣ ይሰገዳል፣ ሲወርዱ ይበላል። እስራኤል በ2008 ብሔራዊ በዓል አድርጋዋለች። ዛሬ አምቦበር ላይ ቤተ እስራኤሉም በዓሉም የሉም፤ የሚታየው ተራራውና ስፍራው ነው፤ ስለዚህ ታሪኩን የሚያውቅ አስጎብኚ ከሌለ ጉዞው ባዶ ይሆናል። መንገዱ አስፋልት አይደለም፤ በክረምት አትሞክሩት።

ለጊዜ ምርጫ ከጥቅምት እስከ ኅዳር ጥሩ ነው። በጥምቀት ሰሞን አትምጡ፤ አልጋም አስጎብኚም አይገኝም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት የየብስ መንገዶች ይዘጋሉ፣ የሰዓት እላፊም ይታወጃል። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ግቡ፤ አየር ማረፊያው አዘዞ ነው። ወደ ወለቃም ሆነ ወደ አምቦበር በምትወጡበት ዕለት ጠዋት የመንገዱን ሁኔታ ከከተማ አስተዳደሩ የባህልና ቱሪዝም ቢሮና በመስመሩ ከሚሠሩ ሹፌሮች ጠይቁ። የሁለቱ ወሬ ካልተስማማ የሹፌሮቹን ስሙ፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊትም ከተማ ግቡ።