ለድሬዳዋ ፀሐይ የሚሆን ስልክ እንዴት እንደመረጥኩ

ባለፈው ዓመት ስልክ ስገዛ ዓይኔን የሳቡት የካሜራው ጥራትና የስክሪኑ ስፋት ብቻ ነበሩ። ቤት ደርሼ ሲሞቼን ላስገባ ስል ግን ሁለተኛው የሲም ማስገቢያ ከሚሞሪ ካርዱ ጋር የጋራ መሆኑን አየሁ፤ ከሁለቱ አንዱን መተው ነበረብኝ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የሙከራ አገልግሎቱን በከተማችን ሲጀምር ሁለተኛ ሲም አውጥቼ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በቀድሞው ቁጥሬ ቴሌብርንና ደንበኞቼን፣ በአዲሱ ኢንተርኔትን ለይቼ እጠቀማለሁ። በሚሞሪው ላይ ደግሞ አባቴ በምድር ባቡር ስለሠራባቸው ዓመታት ሲያወጋኝ የቀዳሁት ድምፅ አለ። ሚሞሪውን አውጥቼ በወረቀት ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጥኩበት ምሽት እስካሁን ይቆጨኛል።

የኤርፎን ቀዳዳም አልነበረውም። ኤፍ ኤም ሬዲዮ ባላቸው አብዛኞቹ ስልኮች ሞገዱን የሚቀበለው የኤርፎኑ ሽቦ ነው፤ ብሉቱዝ ይህን ሥራ አይተካም። ስለዚህ ማለዳ በባጃጅ ወደ ሱቄ ስሄድ በነፃ እሰማው የነበረው ዜና ከኢንተርኔት ፓኬጄ የሚቆረጥ ሆነ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሙቀቱ ነው። ታላላቅ አምራቾች ስልክ ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ አየር ውስጥ እንዳይሠራ ይመክራሉ፤ ድሬዳዋ ደግሞ በግንቦትና በሰኔ ይህን የምታልፍባቸው ቀናት አሏት። ስልኩ ሲግል ራሱን ለመጠበቅ የስክሪኑን ብርሃን ይቀንሳል፣ ፍጥነቱን ያወርዳል፣ አንዳንዴም ቻርጅ መቀበሉን ያቆማል። ቀፊራ ገበያ ውስጥ እኩለ ቀን ላይ ደንበኛ በቴሌብር ከፍሎኝ፣ ስክሪኑ ጠቁሮብኝ መልእክቱን ማንበብ ሲያቅተኝ ሰውየውን ማቆም ያሳፍረኝ ነበር።

በመጨረሻ በኪሳራ ሸጥኩት። ሌላ ለመግዛት ታይዋን ወደሚባለው የከተማችን ገበያ ስሄድ ሁለቱን ሲም፣ ሚሞሪውንና ባለ ሽቦ ኤርፎኔን ይዤ ሄድኩ። ሻጩን ማስገቢያውን እንዲከፍትልኝ ለምኜ ሦስቱንም ባንድ ጊዜ አስገባሁ፣ ሬዲዮ ከፍቼ አዳመጥኩ፣ ከዚያም ስልኩን ደጃፉ ላይ ፀሐይ አስመትቼ ጽሑፍ አነበብኩበት። አራተኛው ሱቅ ውስጥ ያገኘሁት ስልክ በዋጋ ከፊተኛው ያነሰ፣ በካሜራም የደከመ ነው። ካሜራውን በእውነት እናፍቀዋለሁ፤ የልጆቼ ፎቶ እንደ በፊቱ ጥርት አይልም።

አያያዜንም ለወጥኩ። የሊቲየም ባትሪ ሞልቶ እየጋለ ሲቆይ ቶሎ ስለሚደክም፣ ከሴቲንግ ገብቼ ቻርጁ 80 በመቶ ላይ እንዲቆም አደረግኩ፤ ሙቀት የሚጨምረውን ፈጣን ቻርጅም አጠፋሁ። ቻርጅ የማደርገው አየሩ ሲቀዘቅዝ፣ ማታ፣ ኮቨሩን አውልቄ ነው። ቀን ላይ ስልኩን ባንኮኒው መስታወት ላይ መተው ትቼ ከጨርቆቹ ጥላ ሥር አኖረዋለሁ። መብራት በሚጠፋባቸው ምሽቶች 80 በመቶው እስከ ማግስቱ ማታ አያደርሰኝም፤ እንደዚያ ያለ ቀን ሲያጋጥመኝ ገደቡን አንስቼ ማለዳ ሙሉ በሙሉ እሞላዋለሁ። ሚሞሪው ግን ከገባበት አልወጣም፤ ሱቅ ዘግቼ ስመለስ የአባቴን ወግ እየሰማሁ እሄዳለሁ።