1,370 ብር

ዛሬም ከጓደኛዬ ጋር ሂሳብ ላይ ተጓተትን። ሁለት ማኪያቶ ነው። «ዛሬ የእኔ ነው»፣ «ኧረ ባለፈው አንተ ከፍለሃል»። አስተናጋጇ ሳቀች። ፍቅር መስሏታል። ድሮ ማን እንደከፈለ አናውቅም ነበር። ኪሱ ውስጥ ያለው ይከፍላል፤ አለቀ።

ይህ ማን ከፈለ እያሉ መቆጣጠር የተጀመረበትን ሰሞን አውቀዋለሁ። እስካሁን ለማንም አላወራሁትም። ለእሱም ጭምር።

በ2005 ክረምት መግቢያ ላይ ለኮንዶሚኒየም የተመዘገብነው አብረን ነው። ሁለታችንም 20/80፣ ማለትም ሃያ በመቶውን ቆጥበን ቀሪውን በባንክ ብድር፤ ሁለታችንም ባለ አንድ መኝታ። ሰልፉ ለጉድ ነበር። ጠዋት የቆምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እዚያው ነን። ሲሰለቸን ቀልድ ጀመርን። «ቀድሞ የደረሰው ሌላውን ያስጠጋል» አልኩ። «እሺ፣ ሳሎኑ ያንተ ነው» አለኝ። ከፊታችን የተሰለፉ እናት ዞር ብለው ሳቁብን። ከዚያ በኋላ ያለው በየወሩ 274 ብር መቆጠብ ነው።

በ2009 እሱ ከሥራ ወጣ። ቁጠባ ያቋረጠ ከዕጣ ይወጣል ይባል ስለነበር፣ እሱ ሳይጠይቀኝ በእሱ ደብተር እኔ ማስገባት ጀመርኩ። ሥራ ሲያገኝ ራሱ ቀጠለ። ይህን ነገር አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም። እንደውም የረሳሁት ይመስለኝ ነበር።

ሐምሌ 1 ቀን 2014፣ ዓርብ፣ ዕጣው ወጣ። ከ25 ሺህ በላይ ቤት። ከዘጠኝ ዓመት ጥበቃ በኋላ። የደወሉልኝ እናቱ ናቸው። «ልጄ፣ እንኳን ደስ አለህ! ወንድምህ ቤት ደረሰው!» አሉኝ፣ ሳግ እየተናነቃቸው። እንኳን ደስ አለህ ያሉት እኔን ነው። እሳቸው ቤት ሽሮ እየበላሁ ነው ያደግኩት፣ ለእሳቸው ልዩነት የለውም።

ሄድኩ። ቤቱ ሰው ጢም ብሏል። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ቡናው ይቆላል። አቅፎ ሳመኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እስከዚህ ድረስ ደስታዬ የእውነት ነበር። ይህን ለራሴ መመስከር አለብኝ። ከዚያ አጠገቡ የተቀመጠ፣ በሃያ ዓመት ውስጥ አይቼው የማላውቅ ዘመድ «አምስት ዓመት አይሸጥም ይላሉ እንጂ ሰው በውክልና እየሸጠው አይደል? አሁን ይሄ ቤት በሚሊዮን ነው የሚጠራው» አለ። ሁሉም ዝም አለ። ሚሊዮን ስትጠራ ቤት ውስጥ የሚወርድ ዝምታ አለ።

ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «በኋላ እናወራለን» አለኝ።

ምኑን ነው የምናወራው? ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሂሳብ ጀመርኩ። ስድስት ወር ከፍዬለታለሁ። 274 በስድስት፣ 1,644 ብር። እኔ ባልከፍል ስሙ ዕጣው ውስጥ አይገባም ነበር። ስሙ ባይገባ ቤት የለም። ስለዚህ... «ስለዚህ» ብዬ አልጨረስኳትም፤ ግን ቤት እስክደርስ አብራኝ ሄደች። የዚያን ቀን ሰልፍ ላይ የቀለድነው ቀልድ እንኳ ውል መሰለኝ። ሳሎኑ ያንተ ነው ብሎኝ የለ?

ቅዳሜ አልደወለም። እሁድም አልደወለም። እኔ ልደውል? የደረሰው እሱ ነው። ለባለቤቴ «ሰው ሲያገኝ እንዲህ ነው» አልኳት። «ሁለት ቀን እኮ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ሳምንት ሳንደዋወል ቆይተን እናውቃለን፤ ቀኑን የቆጠረ ግን አልነበረም።

ሰኞ ከሰዓት ስልኬ ላይ የቴሌብር መልእክት ገባ። ከእሱ ነው። 1,370 ብር። ሌላ ቃል የለም።

ተናደድኩ። መጀመሪያ «ሒሳቤን ዘግቶ ሊገላገለኝ ነው» አልኩ። ቀጥዬ ያልኩት ግን «አጉድሏል» ነው። አጉድሏል! ተነስቼ መሳቢያውን በረበርኩ። ወረቀት አልጥልም፤ የድሮዎቹ የባንክ ደረሰኞች እዚያው ነበሩ። ቆጠርኳቸው። አምስት ናቸው። ደግሜ ቆጠርኳቸው። እሱ ልክ ነበር። እኔ ረሳሁት ያልኩትን ውለታ፣ አንድ ወር ጨምሬበት ይዤው ኖሬአለሁ። እሱ ደግሞ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይዞት ኖሯል።

ከቀናት በኋላ ዕጣው ተሰረዘ። ብቁ ያልሆኑ ሰዎች መረጃ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቷል ተባለ፤ ተጠርጣሪዎችም ታሰሩ። ዜናውን የሰማሁት ምሳ እየበላሁ ነው። ደረቴ ላይ ተጭኖኝ የነበረ ነገር ቀለል አለኝ። ስሙን ለመቀየር ብዙ ሞክሬያለሁ። ደስታ ነው። ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ከዚያ ደወልኩለት። «አይዞህ» አልኩት፣ በለቅሶ ቤት ድምፅ። ትንሽ ዝም አለና «ብሩ ደረሰህ?» አለኝ።

«የምን ብር?»

«ተው እንጂ» አለ። «ያን ቀን በኋላ እናወራለን ያልኩህ እሱን ነበር። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማንሳት አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ ስልክ አንስቼ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ።»

ልመልስልህ አልኩት። «ከመለስክ እቀየምሃለሁ» አለኝ። አልመለስኩም። አልነካሁትም ብል ደግሞ ውሸት ነው፤ የመብራት ከፍዬበታለሁ።

ኅዳር 2015 ዕጣው እንደገና ወጣ። ስም ዝርዝሩ በቴሌግራም ሲደርሰኝ መጀመሪያ የፈለግኩት የእሱን ስም ነው። የለም። የራሴን የፈለግኩት ከዚያ በኋላ ነው። የለም።

ማታ ደወለ። «ሁለታችንም የለንም» አለኝ።

«የእኔንም አየህልኝ?»

«መጀመሪያ የፈለግኩት ያንተን ነው።»

ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።